መርዶ በካፉሪ፤ ስደተኛ ሐዘኑን ለማን ይንገር?

የዚህ እትም የታሪክ ገጻችን ስለ ሐዘን ነው። ሐዘንም ታሪክ አለው ወይ የሚል ቢኖር፣ አለው እንላለን። ሰው መርዶውን ከማን እንደሚሰማ፣ ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ፣ ስንት ቀን እንደሚያለቅስ፣ ሐዘኑ አልወጣልህ ሲለው ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ይህ ሁሉ በየዘመኑና በየአገሩ ይለያያል። ስደት ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ይቀየራል። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ቦታ ካፉሪ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርቱም የኖራችሁ ካፉሪን ታውቁታላችሁ። ከዓባይ ማዶ፣ ባህሪ በሚባለው በሰሜን ካርቱም ከተማ በስተምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከሶሪያና ሊባኖስ አገር ከመጣ፣ በእንግሊዞች ዘመን እዚያ ሰፊ እርሻና የወተት ላሞች ከነበሩት ከካፉሪ ቤተሰብ ነው። በኋላ መሬቱ እየተሸነሸነ ቪላ ተሠራበትና የነጋዴና የባለሥልጣን ሰፈር ሆነ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የኦማር አል በሽር ቤተሰብ ሳይቀር እዚያ ቤቶች ነበሩት። ረጃጅም አጥር፣ የብረት በር፣ በር ላይ ዘበኛ። ከአጥሩ ውስጥ ደግሞ የኛ ሰዎች ነበሩ። ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ልብስ የሚያጥቡና የሚተኩሱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች። ብዙዎቹ አዳሪ ናቸው፤ የሚወጡት ዓርብ ዓርብ ነው፣ እሱም ከተፈቀደላቸው።

እንግዲህ መርዶ የሚደርሰው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወሬው የሚመጣው በደብዳቤ ወይም ከአገር ቤት አዲስ በገባ ሰው ነበር። ደብዳቤው ወራት ስለሚፈጅ ሰዉ አንዳንዴ የእናቱን ሞት የሚሰማው ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ነው። በ2000ዎቹ ሞባይል ሲስፋፋ ይህ ተገለበጠ። ስልኩ ይጮኻል፣ ሴትየዋ ሳህን እያጠበች ታነሳለች፣ ከወዲያ ያለው ሰው አልቅሶ ይነግራታል። እመቤቲቱ ሳሎን እንግዳ አላት። ሻይ ይፈለጋል። ከመካከላችን ካፉሪ የሠሩ አሉ፤ እነሱ እንደሚሉት ብዙ ሰው የሚያለቅሰው ሌሊት፣ ትራሱን ነክሶ ነበር።

የዚህ ነገር ክብደት የሚገባው መርዶ ማለት ምን እንደነበር ሲታወስ ነው። በልማዳችን መርዶ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም፣ ሥርዓት ነው። የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ወይም ማለዳ ነው። ማታ አይነገርም፤ ሌሊት ለሐዘንተኛ ክፉ ነው ይባላል፣ ጎረቤትም ተኝቷል። ለብቻ አይነገርም። ሽማግሌዎች፣ ዘመድ፣ የንስሐ አባት ወይም የቅርብ ጓደኛ ተሰብስበው በር ላይ ይቆማሉ። ባለመርዶው በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሲያይ፣ ገና ማንም አፉን ሳይከፍት ነገሩን ያውቀዋል። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አለ። ራሱን እንዳይጎዳ የሚጠብቀው አለ። ውሃ የሚያጠጣው፣ ቀጥሎም ንፍሮ የሚቀቅልለት፣ ድንኳን የሚተክልለት አለ።

ይህን ልማድ በሕክምና ዓለም ዘንድ ያስታወቀች አንዲት ኢትዮጵያዊት ምሁር አለች። የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ የሆነችው የውብዳር በየነ በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ለኢትዮጵያውያን ስደተኛ ሕመምተኞች ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣች። የአሜሪካ ሐኪም ግልጽነት ነው ብሎ ለሕመምተኛው ፊት ለፊት፣ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ “በሽታህ አይድንም” ይለዋል። በነሱ አገር ይህ መብትን ማክበር ነው። የኛ ሰው ግን እንደ ጭካኔ ያየዋል። መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገር፣ ማታ አይነገር፣ ቤተሰብ ጊዜውን መርጦ ያርዳው ነው የኛ ደንብ። ሐኪሞቹ ይህን ማወቅ አለባቸው አለች። በኛ ግምት ይህን ጽሑፍ በየካምፑ የሚመጣ ነርስና ካውንስለር ሁሉ ሊያነበው ይገባ ነበር።

ካርቱም ውስጥ ሰዉ ይህን ሥርዓት ጨርሶ አልተወውም። እንደምንም አስተካክሎ ያዘው እንጂ። መርዶው መጀመሪያ ለጓደኛ ወይም ለአገር ልጅ ይደወላል። የሰማው ሰው አፉን ይዞ እስከ ዓርብ ይቆያል። ዓርብ ዴም ወይም ጅሬፍ፣ የሐበሻ ሰው በብዛት በሚኖርበት ሰፈር፣ ቡና ይፈላል ተብላ ትጠራለች። ስትገባ ቤቱ በሰው ሞልቷል። የተዋጣ ገንዘብ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሯል። እዚያ ታለቅሳለች፣ ሙሾ የምታውቅ ካለች ታወርዳለች፣ ማታ ወደ ካፉሪ ትመለሳለች። ሦስት ቀን የሚባል ነገር የለም። ለቅሶው የሚያልቀው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እድር ጥቂት እንበል። እድር ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን በአሁኑ መልኩ የምናውቀው እድር የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው ይላሉ። ሰው ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ሲፈልስ፣ ዘመድ የሌለበት ከተማ ውስጥ ሬሳውን ማን ያነሣዋል የሚል ጭንቀት ወለደው። በሌላ አነጋገር እድር ራሱ የስደተኛ ፈጠራ ነው። በካርቱም ዴም ቤቶች ውስጥ በነጠላ ጫፍ የሚቋጠረው ገንዘብ ያው የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ሱዳኖቹም በዚህ ነገር የዋዛ አይደሉም። ለቅሶን ቢካ ይሉታል። ሰው ሲሞትባቸው ደጅ ላይ ድንኳን ይጥላሉ፣ የመጣው ሁሉ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ፋትሓ ይቀራል፣ ጎረቤት በሰፊ ትሪ ምግብ ይዞ ይመጣል። ካፉሪ ቤት ውስጥም ቢሆን ሁሉም አሠሪ ክፉ አልነበረም። ሠራተኛዋ አዝናለች ሲባል ግቢ ምንጣፍ አንጥፈው ጎረቤት ጠርተው ፋትሓ ያስቀሩላት ቤተሰቦች ነበሩ። ጸሎቱ የሷ ባይሆንም የተዘረጋውን መዳፍ ታውቀዋለች። ይህን መጻፍ ያስፈለገን፣ የስደት ታሪክ ሲጻፍ እንዲህ ያለው ነገር ስለሚዘለል ነው።

ሬሳ ያለው ሐዘን ግን አንድ ነገር ነው፤ ሬሳ የሌለው ሌላ ነው። ወደ ኋላ እንመለስ። በ1984 እና በ1985 በድርቁና በጦርነቱ ምክንያት ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከኤርትራ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በእግሩ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። ወድ ኮውሊ፣ ኡም ራኩባ፣ ቱክለባብ፣ ወድ ሸሪፌ የሚባሉት ካምፖች የዚያን ጊዜ ስሞች ናቸው። በኩፍኝና በተቅማጥ ሕፃናት በየቀኑ ይሞቱ ነበር። በኡም ራኩባ ከጎንደር የመጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወደ ኢየሩሳሌም እንደርሳለን ብለው ተራ ሲጠብቁ አፈር ለብሰዋል። በመንገድ ላይ የወደቀውን ደግሞ ማን ይቆጥረዋል? ድንጋይ ተከምሮበት የታለፈ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ካምፖቹ ውስጥ ስለ ሐዘን የሚያማክር ባለሙያ ማግኘት ቀርቶ፣ ለኩፍኙ የሚሆን ክትባት ማድረስም ጭንቅ ነበር።

ከ36 ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2020፣ የትግራይ ጦርነት ሲነሳ ያው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ። ከ60,000 በላይ ሰው ገባ፤ ብዙው ተከዜን ተሻግሮ በሐምዳየት በኩል። በዚህ ጊዜ ዕርዳታው ከድሮው ይሻል ነበር፤ ችግሩ ሌላ ነው። ትግራይ ውስጥ ስልክ ተቋርጧል። ሰዉ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም። ያላረዱትን ሰው ሐዘንተኛ አትለው፣ ደስተኛ አትለው። በመጨረሻ ጦርነቱ በ2022 በስምምነት ቆሞ፣ በኦክቶበር 2023 በትግራይ ለቤተሰቦች መርዶ በይፋ ተነገረና የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ኤርትራም በ2003፣ ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው የድንበር ጦርነት የሞቱባትን ወደ 19,000 የሚሆኑ ወታደሮች ስም ለቤተሰቦቻቸው ያረዳችው ጦርነቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላ ነው። መርዶ የመንግሥት ሥራ ሲሆን እንዲህ ይዘገያል። በየወገኑ፣ በአማራም በአፋርም በኦሮሞም ቤት፣ እስከ ዛሬ ደብዛው የጠፋ ልጅ የሚጠብቅ ወላጅ አለ።

ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን ስም ያወጣችለት አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ቴራፒስት ፖሊን ቦስ ናት። ሥራዋን የጀመረችው በ1970ዎቹ በቪየትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች በማጥናት ነው፤ በ1999 መጽሐፍ ጻፈችበት። ያልለየለት ማጣት ልንለው እንችላለን። ሰውየው የለም፣ ግን ሞቷል አልተባለም። ቦስ እንዳለችው እዚህ ላይ ያዘነው ሰው አልታመመም፤ የታመመው ሁኔታው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው “ቁርጥህን እወቅና እርሳው” ማለት አይረዳውም፤ ሁለቱን ነገር አብሮ መያዝ እንዲችል ማገዝ ነው የሚሻለው፤ ይመጣ ይሆናል፣ ላይመጣም ይችላል። መምህራን ሆይ፣ ክፍላችሁ ውስጥ አባቱ የት እንዳለ የማያውቅ ልጅ ካለ፣ የቤተሰብ ዛፍ ሣሉ ብላችሁ የቤት ሥራ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

አሁን ወደ ባህሪ እንመለስ። ካፉሪን የመረጥንበት ዋናው ምክንያት እዚህ ጋ ነው። ከካፉሪ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ባህሪ ውስጥ፣ በአፍሪካ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው አንድ ክሊኒክ ነበር። የመሠረተው ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ ይባላል።

ቲጃኒ አል ማሂ በ1911 በነጭ ዓባይ ዳር ካዋ በምትባል ከተማ ተወለደ። ካርቱም በነበረው የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ በ1935 ሐኪም ሆነ። በየክፍለ አገሩ ሲሠራ ቆይቶ ወደ እንግሊዝ ሄደና በ1949 በአእምሮ ሕክምና ዲፕሎማ ይዞ ተመለሰ። የመጀመሪያው ሱዳናዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ከዚያም በባህሪ የነርቭ ሕመሞች ክሊኒክ የተባለውን አቋቋመ። ስሙን ልብ በሉት፤ የእብዶች ቤት አላለውም። የነርቭ ሲባል ሰዉ ሳያፍር ይመጣል። በዚያ ዘመን በብዙ ቅኝ ግዛት አገሮች የአእምሮ ሕመምተኛ የሚቀመጠው እንደ እስረኛ ታጥሮ ነበር። እሱ ግን ሕመምተኛውን ከቤተሰቡ ሳይነጥል በተመላላሽነት ማከምን መረጠ።

በይበልጥ የሚታወቅበት ግን ሌላ ነው። እንግሊዝ የተማረ ሐኪም ሆኖ ሳለ የአገሩን ባህላዊ አካሚዎች አልናቀም። ሱዳን ውስጥ ፈኪ የሚባሉ፣ ቁርዓን ቀርተው የሚያክሙ ሼኮች አሉ፤ እነሱ ዘንድ ሄዶ ተቀምጦ አሠራራቸውን አጠና፣ ሕመምተኛ ተላላከ፣ ስለ ዛር ጻፈ። ሰዉ የሚያምንበትን ትቶ ሰዉን ማከም አይቻልም ባይ ነበር። ናይጄሪያ ውስጥም ቶማስ አዴኦዬ ላምቦ የተባለው ሐኪም በ1954 በአቤኦኩታ ከተማ፣ አሮ በሚባለው ሆስፒታል ዙሪያ ሕመምተኞቹን ከዘመዶቻቸው ጋር በየመንደሩ አስቀምጦ ማከም ጀምሯል። ሁለቱም አፍሪካውያን፣ ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ ሁለቱም አንድ ነገር አዩ፤ ሰው የሚድነው ሰው መሐል ነው ማለት ነው።

የቲጃኒ ሕይወት በዚህ አላበቃም። ከ1959 ጀምሮ በዓለም የጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲትራንያን ቢሮ የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆኖ እስክንድርያ ሠራ። በኦክቶበር 1964 ሱዳኖች የጄኔራል አቡድን መንግሥት በሕዝባዊ አመፅ ሲያወርዱ፣ አገሪቱን ከሚመሩት አምስት የሉዓላዊነት ምክር ቤት አባላት አንዱ ሆኖ ተመረጠ። አንድ የአእምሮ ሐኪም ርዕሰ ብሔር ነበር ማለት ነው! (በፖለቲካችን ይህ ቢለመድ አይከፋም ያሉ ከመካከላችን አሉ።) በ1970 ሲሞት መጻሕፍቱና የብራና ጽሑፎቹ ለካርቱም ዩኒቨርሲቲ ደረሱ። በኦምዱርማን የሚገኘው ትልቁ የአእምሮ ሆስፒታል በስሙ ተሰየመ። ከሱ በኋላ ሥራውን የቀጠለው ዶክተር ጣሃ በዓሸር ሲሆን፣ በባህሪ የሱን ስም የያዘ የአእምሮ ሆስፒታል አለ። በበዓሸር ጊዜ ሱዳን፣ በአነስተኛ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችና የጤና ሠራተኞች ጭንቀትንና ድብርትን መለየትና መርዳት ይችሉ እንደሆነ የዓለም የጤና ድርጅት በ1970ዎቹ በሞከረው ጥናት ውስጥ ከተካተቱት አገሮች አንዷ ነበረች። መልሱ ይችላሉ ነው።

ዛርን ጠቅሰናልና ትንሽ እንጨምር። ጎንደር በ1932 ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ወራት ተቀምጦ የዛር ሥርዓት ያጠና እንደነበር ይታወቃል። በሱዳንም ዛር አለ። የሚገርመው፣ በሱዳኖቹ ዛር ውስጥ ከሚመጡት መናፍስት አንዱ ክፍል ሐበሾች ይባላሉ፤ ቡናቸውንና ልብሳቸውን ይጠይቃሉ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ዛርን አይወዱም፣ እኛም እዚህ ለማስተዋወቅ አልተነሣንም። ታሪክ ጸሐፊ ግን ማየት ያለበት አንድ ነገር አለ፦ በሁለቱም አገር ወደዚያ የሚሄዱት በብዛት ሴቶች ነበሩ፣ ልጅ የሞተባቸው፣ የመከኑ፣ ባል የተወሰደባቸው። በአደባባይ መናገር የማይፈቀድላቸውን እዚያ ከበሮ መሐል ይናገሩት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ክሊኒክ እዚያው አጠገብ እያለ፣ ካፉሪ ቤት ውስጥ ትራስ ነክሳ የምታለቅሰዋ እህታችን ለምን አልሄደችም?

መጀመሪያ ቋንቋው ነው። አረብኛዋ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ነገ፣ እሺ። በዚህ ቋንቋ ስለ ሞተ ልጅ አይወራም። አስተርጓሚ ካስፈለገ ያለችው አሠሪዋ ናት፤ ለአሠሪ ፊት ደግሞ ልብ አይከፈትም፣ ሥራም ይታጣል። ሁለተኛ ወረቀት ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው መንግሥት ቤት የሚባል ነገር ሁሉ ይፈራል፤ አፈሳ አለ፣ ገንዘብ መጠየቅ አለ። ሦስተኛ ስሙ ነው። በኛ አገር የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰዉ የሚያስበው አማኑኤልን ነው። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። “አማኑኤል ገባ” ማለት አበደ ማለት ሆነ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ነው። ስለዚህ እናቷ የሞተችባት ሴት “ሐኪም ዘንድ ሂጂ” ስትባል “እኔ አላበድኩም” ብትል አይፈረድባትም።

እኛ የምንለው ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለው ነው። ለቅሶ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፣ በእስልምናም የሦስት ቀኑ ተዕዚያ፣ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን የምትቆይበት ዒዳ፣ እነዚህ ሁሉ ለሐዘን ጊዜ ሰፍረው የሰጡ ሥርዓቶች ናቸው። ሞሪስ አይዘንብሩክ የተባለ የአውስትራሊያ የአእምሮ ሐኪም ከካምቦዲያ እልቂት ያመለጡ፣ ወላጅ የሌላቸው ወጣት ስደተኞችን አጠና። ግማሾቹ አሜሪካ ገብተዋል፣ ግማሾቹ አውስትራሊያ። አውስትራሊያ የነበሩት የአገራቸውን ሥርዓት፣ መነኮሳታቸውንና በዓላቸውን እንዲይዙ ይበልጥ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ የነሱ ሐዘን ቀለል ብሎ ተገኘ። አሜሪካ ያሉት ቶሎ አሜሪካዊ ሁኑ ተባሉ፤ እነሱ ባሰባቸው። በ1991 ባወጣው ጽሑፍ አይዘንብሩክ እንዳስረዳው ስደተኛ የሚያዝነው ለሞተ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለአገሩ፣ ለቋንቋው፣ ለመቃብር ቦታው፣ ሐዘኑን ለሚያወጣበት ሥርዓት ጭምር ነው። ይህ ቃል በቃል የኛ ነገር ነው። በካምፕ ውስጥ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ፣ ንፍሮ የሚቀቀልበት እንጨት የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ቅንጦት አይደለም።

ሥርዓቱ ግን ሁሉን አይችልም። ለአንዳንድ ሰው ዓመት አልፎም ሐዘኑ አይነቃነቅም። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ይህን የተራዘመ ሐዘን ብሎ ለየት አድርጎታል። ከስድስት ወር በላይ የቆየ፣ የሰውየውን ኑሮ ያቆመ፣ ከራሱ ባህልና ሃይማኖት ልማድ በላይ የሆነ ናፍቆትና ሥቃይ ነው። አሜሪካኖቹ በራሳቸው መዝገብ ለአዋቂ አንድ ዓመት ይላሉ። የባህሉ ነገር መጨመሩን ወደድነው፤ ሙት ዓመት ሳይደርስ የምታለቅስን እናት በሽተኛ ናት እንዳይባል ይጠብቃል።

ታዲያ በካምፕ ውስጥ ቴራፒስት እንዴት ይገኛል? ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሳይካትሪስት የሚባለው ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስትና ካውንስለር የሚባሉት በንግግር ይረዳሉ። ከነሱ በታች የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች አሉ፣ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከስደተኛው መሐል ተመርጠው። እነዚህን የመጨረሻዎቹን አትናቋቸው። በኡጋንዳ ኢምቬፒ ሰፈራ የሱዳን ስደተኞች ላይ በተደረገና በ2004 በወጣ ጥናት፣ ሕይወታቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል እንዲተርኩ በአራት ቀጠሮ የታገዙት ሰዎች ከዓመት በኋላ ከሌሎቹ በእጅጉ ተሽሏቸው ተገኙ። በኋላም ናኪቫሌ በሚባለው ሰፈራ፣ ይህንኑ ዘዴ ከስደተኞቹ መሐል የሠለጠኑ ሰዎች ሠርተውበት ውጤት አምጥቷል።

የሚኬደው ወደ ካምፑ ጤና ጣቢያ ነው። “የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጥ ማነው?” ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በብዙ ካምፕ አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ለካምፑ የቅሬታ ዴስክ ይነገር። አስተርጓሚ ካስፈለገ የራስን ሰው መምረጥ ወይም የቀረበውን አልፈልግም ማለት ይቻላል። ሴት ሴት አስተርጓሚ ልትጠይቅ ትችላለች። ልጅን ለወላጁ እንዲያስተረጉም ማድረግ ግን አይገባም፤ የአባቱን አሟሟት ከእናቱ አፍ ተቀብሎ በሌላ ቋንቋ መናገር ለአንድ የ12 ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ሁሉን ነገር መናገር የለብንም። ከምን ያህል ሰው ጋር እንደሚወራ፣ የሚጻፈው ወረቀት የት እንደሚቀመጥ፣ ከስደተኛነት ጉዳያችን ጋር ይገናኝ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ መብት ነው። መልሱን የማይሰጥ ሰው ካጋጠመ ሌላ ይፈለግ። ሰው ግን መኖር አልፈልግም ማለት ከጀመረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ መሄድ ነው። ዘመድ ለጠፋበትም የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ የቤተሰብ ፍለጋ አገልግሎት አለ፤ መልሱ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ስም ማስመዝገቡ ግን ራሱ አንድ ነገር ነው።

ካፉሪስ? በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ባህሪ ከመጀመሪያዎቹ የጦር ሜዳዎች አንዷ ሆነች። ፈጣን ድጋፍ ሰጪ የተባለው ኃይል ካፉሪን ይዞ ቆየ። ባለቤቶቹ ወደ ግብፅና ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲሸሹ አንዳንዶቹ ሠራተኛዋን ቁልፍ ሰጥተው ቤት ጠብቂ ብለዋት ሄደዋል። ከመተማ ድንበር እስከ ገዳሪፍ መንገዱ እንደገና በሰው ተሞላ፤ ይህን ጊዜ ሱዳናዊውም ኢትዮጵያዊውም አብሮ። የካርቱም ሆስፒታሎች ብዙዎቹ ተዘረፉ፣ ሥራ አቆሙ። የሱዳን ጦር ካፉሪን መልሶ የያዘው በፌብሩዋሪ 2025 ነው። ዴም ቡና ይፈላባቸው ከነበሩት ቤቶች የወጡ ሰዎች ዛሬ በየካምፑ አሉ፤ አንዳንዶቹ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ናቸው።

ለሚቀጥለው እትም አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። በየቋንቋችሁ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአረብኛ፣ በኑዌርኛም ቢሆን፣ በእናንተ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር፣ ማን እንደሚነግር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እያሉ እንደሚጀምሩ ጻፉልን። ተማሪዎች አያቶቻችሁን ጠይቁ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ የሟች ስም ባይጻፍ እንመርጣለን። የተሰበሰበውን አባዝተን፣ ለካምፑ ጤና ጣቢያ ነርሶችና አስተርጓሚዎች በሚገባቸው ቋንቋ ተርጉመን እንሰጣለን። ጽሑፋችሁን ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ አስረክቡ።